ያረጀ ፈረስ ጥርስ፤ የጥበቃውና የወጪው ታሪክ

የፈረስ ዕድሜ በአፉ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። ገበያተኛ የፈረሱን ከንፈር ገልጦ ጥርሱን ሲመለከት፥ የሚያነበው ያለፈውን ዘመን ብቻ ሳይሆን የቀረውንም የሥራ ጊዜ ነው። ከዚህም የተነሣ የፈረስ ጥርስ በሰው ልጅ ታሪክ ውስጥ ከሕክምና ይልቅ የንግድ ጉዳይ ሆኖ ብዙ ዘመን ቈይቶአል። ጥርሱ ደኅና ለሆነ ፈረስ ብዙ ገንዘብ መክፈል ማንንም አላስደነቀም፤ ጥርሱ ላለቀበት ፈረስ ወጪ ማውጣት ግን ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ነገር በየአገሩ ሲያከራክር ኖሮአል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ነገሩን ለመረዳት አስቀድሞ የጥርሱን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ፈረስ በሁለት ዓመት ተኩል ገደማ የመጀመሪያዎቹን የወተት ጥርሶች መጣል ይጀምርና በአምስት ዓመቱ አፉ ይሞላል። ድንጉላና ሰንጋ ክራንቻ ስለሚያበቅሉ 40 ያህል ጥርስ ሲኖራቸው፥ ባዝራ ግን ብዙውን ጊዜ 36 አላት። ጥርሱ ረጅም ሲሆን አብዛኛው ክፍል በመንጋጋ አጥንት ውስጥ ተቀብሮ ይኖራል። ሣር ሲታኘክበት ላዩ በየዓመቱ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ያህል ይፈገፈጋል፤ የዚያኑም ያህል ከሥር እየተገፋ ይወጣል። የላይኛው መንጋጋ ከታችኛው ሰፋ ያለ ስለ ሆነ ጥርሱ እኩል አያልቅም፤ የላይኛው በጉንጭ በኩል፥ የታችኛው በምላስ በኩል ስለት እያወጣ ሥጋውን ያቈስላል። ይህን ስለት በሞረድ ማስተካከል የፈረስ ጥርስ ሕክምና ዋናው ሥራ ነው።

ፈረሱ 20 ዓመት ካለፈው በኋላ በአጥንቱ ውስጥ የተቀበረው ጥርስ እያለቀ ይሄዳል። አንዱ ይነቃነቃል፥ ሌላው ይወልቃል፥ በመካከሉም ክፍተት ይሆናል። ያን ጊዜ ድርቆሹን አድቅቆ መዋጥ ስለሚሳነው እያላመጠ ጠቅልሎ ይጥለዋል፤ የበላውም እህል ሳይፈጭ ከፋንድያው ጋር ይወጣል። እንዲህ ያለው ፈረስ በሞላ ግርግም ፊት ቆሞ ይራባል።

ሰው የፈረስን አፍ ማከም መቼ እንደ ጀመረ የሚያመለክት ጥንታዊ ምስክር የተገኘው በሞንጎልያ ነው። ዊልያም ቴይለርና የሥራ ባልደረቦቹ በ2018 ባወጡት ጥናት፥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1150 ገደማ አለቦታው የበቀለን የፊት ጥርስ በመሣሪያ ለመቍረጥ የተሞከረበትን ምልክት ገልጠዋል። ከልደት በፊት ከ750 ገደማ ጀምሮ ደግሞ የዚያ አገር እረኞች ከመንጋጋ ጥርሶች ፊት የምትበቅለውን ትንሽ ትርፍ ጥርስ ይነቅሉ ነበር። ይህ ልማድ የተስፋፋው ከብረታ ብረት የተሠራ ልጓም ወደ አካባቢው በገባበት ዘመን ነው። ልጓሙ ያችን ጥርስ ሲነካ ፈረሱ ስለሚያመው ለጋላቢው በደንብ አይታዘዝም። እንግዲህ ነቀላው ፈረሱን ከሥቃይ ቢያድነውም፥ ለድካሙ ዋጋ ያስገኘው የጋላቢው ጥቅም ነበረ።

በግሪኮች ዘንድ የፈረስ ጥርስ ወደ መጽሐፍ ገባ። አርስጣጣሊስ ስለ እንስሳት በጻፈው ድርሳን ፈረስ 40 ጥርስ እንዳለውና የመጀመሪያዎቹን አራት ጥርሶች በሁለት ዓመት ተኩል እንደሚጥል አመልክቶአል። ከልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት ስለ ፈረስ ግልቢያ የጻፈው ዜኖፎን ደግሞ፥ የዕድሜው ምልክት ከጥርሱ የጠፋበት ፈረስ ለገዢው ተስፋ የማይሰጥ፥ መልሶ ለመሸጥም የማያመች መሆኑን አስጠንቅቆአል። ምክሩ የተጻፈው ለገዢ ነው፤ ምልክቱ ከጠፋ በኋላ ፈረሱ ምን ይብላ የሚለው ጥያቄ በዚህ ሒሳብ ውስጥ አልገባም። ከልደት በኋላ በአራተኛው መቶ ዓመት መጨረሻም ቅዱስ ጄሮም፥ በስጦታ የተገኘን ፈረስ ጥርስ መመርመር ነውር መሆኑን የሚናገረውን ምሳሌ በሕዝብ ዘንድ የታወቀ አድርጎ ጠቅሶታል። ጥርስን ማየት ዋጋን መጠየቅ እንደ ነበረ ከዚህ ይታወቃል።

ንግዱ ባለበት ማታለልም አይታጣም። በእንግሊዝ አገር አንዳንድ የፈረስ ነጋዴዎች ያረጀውን ፈረስ ወጣት ለማስመሰል የፊት ጥርሱን እየቦረቦሩ በጋለ ብረት ያጠቍሩት ነበር። በ1849 ኤድዋርድ ሜሂው ዕድሜን በጥርስ ስለ መለየት አንድ መጽሐፍ ያሳተመው፥ ይህ እውቀት ለገዢና ለሻጭ ብርቱ ጉዳይ በነበረበት ዘመን ነው። በዚህ ማታለል ያረጀው ፈረስ አፍ በእርግጥ ተሠርቶበታል፥ ገንዘብም ወጥቶበታል፤ ነገር ግን የተሠራው ለማኘክ ሳይሆን ለመሸጥ ነው። በሌላ ወገን በ1762 ክሎድ ቡርዥላ በፈረንሳይ አገር በሊዮን ከተማ የከፈተው የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ሙያውን ከነጋዴና ከአንጥረኛ እጅ አውጥቶ ወደ ትምህርት አገባው።

በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ለንደንና ፓሪስ በፈረስ ጉልበት ይንቀሳቀሱ ስለ ነበረ ያረጀ ፈረስ ነገር የከተማ ጣጣ ሆነ። ጋሪ ነጂው በዕለት ገቢው የሚኖር ድኻ ሲሆን፥ ለፈረሱ ሕክምና የሚያወጣው ገንዘብ ከልጆቹ እንጀራ የሚቀነስ ነበር። ስለዚህ ፈረሱ ማኘክ ሲያቅተው ከማሳከም ይልቅ እስኪወድቅ ድረስ መንዳትን መረጠ። የፈረንሳይ መንግሥት በ1850 የቤት እንስሳትን በአደባባይ ማሠቃየት የሚከለክል ሕግ አወጣ። በ1866 ደግሞ በፓሪስ የፈረስ ሥጋ በሥጋ ቤት እንዲሸጥ ተፈቀደ። ይህን ይደግፉ ከነበሩት መካከል፥ ሥጋው ዋጋ ካለው ባለቤቱ ፈረሱን አስርቦና አድክሞ አይገድለውም ብለው የሚከራከሩ ነበሩ። በለንደን ግን በ1886 አን ሊንዶ የተባለች ሴት የፈረሶች ማረፊያ ቤት አቋቋመች። ደካማው ፈረስ በዚያ ሲያርፍ፥ ባለቤቱ እንጀራውን እንዳያጣ በምትኩ ሌላ ፈረስ ይዋስ ነበር። ሁለቱም መንገዶች አንድ ነገር አምነዋል፤ ይኸውም የእንስሳውን መከራ ለማቅለል የባለቤቱንም ችግር ማቅለል እንደሚያስፈልግ ነው።

መኪና የፈረስን ሥራ ከወሰደ በኋላ በበለጸጉት አገሮች ፈረስ የሥራ እንስሳ መሆኑ ቀርቶ ወዳጅ ሆነ፤ ከ20 ዓመት በላይ የሚኖረውም በዛ። የጥርሱም ወጪ ዛሬ የታወቀ ክፍልፋይ አለው። የሐኪሙ የመንገድ አበል፥ ማደንዘዣው፥ የሞረዱ ሥራ፥ የታመመ ጥርስ ቢኖር ነቀላው እየተደመረ ይከፈላል። በዓመት አንድ ጊዜ በሞረድ ማስተካከል ቀላሉ ወጪ ነው፤ ለብዙ ዓመታት ችላ ከተባለ በኋላ የሚደረግ ነቀላ ግን እጅግ ይከብዳል። ጥርሱ ጨርሶ ካለቀ ደግሞ ሞረድ አይጠቅምም፤ ሐኪሙ የበቀለውን ያስተካክላል እንጂ ያለቀውን አይመልስም። ከዚያ ወዲያ ያለው መድኃኒት በውሃ የራሰ ለስላሳ መኖ ሲሆን፥ ይህም እስከ ዕለተ ሞቱ በየቀኑ የሚወጣ ወጪ ነው።

ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ፥ ይኸው ጥያቄ ፈረስ እጅግ በከበረበት አገር ይገኛል። አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፥ ራስ አሉላ አባ ነጋ እየተባሉ በፈረስ ስም ተጠርተዋል። ባልደራስ በቤተ መንግሥት የፈረሶቹ ኃላፊ ማዕርግ ነበረ። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞችም ጥር 23 ቀን በዓላቸውን ሲያከብሩ ፈረስ በአድዋ ጦርነት የዋለውን ውለታ ያስታውሳሉ። ይሁን እንጂ ወደ ሁለት ሚሊዮን ከሚጠጉት የአገሪቱ ፈረሶች ብዙዎቹ ዛሬ የሚኖሩት በበዓል ልብስ ሳይሆን በጭነትና በጋሪ ሥር ነው። የፈረስ ሥጋ በሕዝቡ ዘንድ ስለማይበላ፥ የፓሪስ ሰዎች ያሰቡት የሥጋ ዋጋ በዚህ የለም። ስለዚህም ጉልበቱ ያለቀ ፈረስ በገበያ ዋጋ የለውም ማለት ይቻላል፤ በየከተማው ጎዳና ዳር የተለቀቁት የጋሪ ፈረሶች ለዚህ ምስክር ናቸው። ሲመሽም ጅብ ይጠብቃቸዋል።

በ1979 በደብረ ዘይት የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ ተከፍቶ ሐኪሞችን ሲያወጣ ቈይቶአል። ሆኖም ባለ ጋሪው የዕለት ገቢውን ትቶ ፈረሱን ወደ ሐኪም መውሰድ ሁለት ጊዜ መክፈል ይሆንበታል፤ አንዱ ለሕክምናው፥ ሁለተኛው ለቀረው የቀን ሥራ። ይህን ያልተመለከተ ወቀሳ ባለ ጋሪውን ያሳፍረው ይሆናል እንጂ ፈረሱን አያበላውም። በአቅም የሚቻለው ሥራ ግን ብዙ ነው። የሚጥለውን ድርቆሽና በፋንድያው የሚወጣውን እህል አስተውሎ ሕመሙን በጊዜ ማወቅ፥ ሣሩን አሳጥሮ መቍረጥ፥ ፉርሽካውን በውሃ አርሶ መስጠት ከብልሃት በቀር ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የሞረዱን ወጪ ደግሞ ባለ ጋሪዎች በማኅበር ቢካፈሉት ለአንዱ የከበደው ለብዙዎቹ ይቀልላል፤ ዕድርና ዕቍብ ለለመደ ሕዝብ ይህ እንግዳ ሥርዓት አይደለም።

የሦስት ሺሕ ዓመቱ ታሪክ በአጭሩ ሲታይ፥ ሰው የፈረስን አፍ የከፈተው አንድ ጊዜ ልጓም ለማግባት፥ አንድ ጊዜ ዋጋ ለመቍረጥ ነው። ያረጀው ፈረስ ግን ልጓሙንም ገበያውንም ጨርሶአል። ለእርሱ ጥርስ የሚወጣው ገንዘብ የሚሸጥበትን ዋጋ እንደሚበልጥ የታወቀ ስለ ሆነ፥ በንግድ ሚዛን ቢመዘን ሁልጊዜ ኪሳራ ነው። ሒሳቡ የሚቃናው ፈረሱ በሃያ ዓመት ድካሙ ያስገባው ገቢ አብሮ ሲቈጠር ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ወጪው ምጽዋት መሆኑ ቀርቶ ዘግይቶ የተከፈለ ደመወዝ ይሆናል።