የሰም ሞዴል (ጌጣጌጥ)

የሰም ሞዴል በወርቅ፣ በብር ወይም በነሐስ የሚወጣ ጌጥ አስቀድሞ በሰም የሚቀረጽበት አምሳያ ነው። አምሳያው በጭቃ ወይም ሙቀት በሚችል ጀሶ ይሸፈናል፤ ሲግል ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በለቀቀው ባዶ ቦታ የቀለጠው ወርቅ ይፈስሳል። ጭቃው ሲሰበር ጌጡ ይገኛል።

«ሰምና ወርቅ» የተባለው የቅኔ ስልት ስሙን ያገኘው ከዚሁ የአንጥረኛ ሥራ ነው። ላይ ላዩን የሚሰማው ሰሙ፣ የተሸሸገው ምሥጢር ወርቁ ነው። በቅኔ ትምህርት በታወቀው ምሥራቅ ጎጃም፣ በደብረ ወርቅና በዲማ አካባቢም አባባሉ የተለመደ ነው። ነገር ግን በቅኔ ሰሙም ወርቁም አብረው ይኖራሉ፤ በአንጥረኛው እጅ ሰሙ ይጠፋል። ስለዚህ አንድ ሞዴል አንድ ጌጥ ብቻ ይሰጣል፤ ወርቁ በትክክል ሳይሞላ ከቀረ የቀራጩ ድካም ከሰሙ ጋር ይቀራል።

በእጅ ሲሠራ

በኢትዮጵያ ብዙ የነሐስ መስቀሎች የወጡት በዚህ ዘዴ ነው። የንብ ሰም በሙቀት ስለሚለሰልስ በጣት ይድቦለቦላል፣ እንደ ክር ይሳባል። ለብር ጌጥ ለረጅም ጊዜ የሚቀልጠው 1780 የሚል ዓመት የታተመበት የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ነበር፤ አንዱ 28 ግራም ያህል ይመዝናል።

በሲኤንሲ ማሽን ሲሠራ

ሲኤንሲ በኮምፒውተር የሚታዘዝ መቁረጫ ማሽን ነው። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ትንሹ ዓይነት ለጌጣጌጥ ይበቃል። ሠራተኛው ጌጡን እንደ ራይኖ ባለ የንድፍ ሶፍትዌር ይስላል፤ ሌላ ፕሮግራም ንድፉን ወደ መቁረጫው መንገድ ይለውጠዋል። የንብ ሰም እዚህ አይሆንም፤ ለስላሳ ስለሆነ መቁረጫው ላይ ይጣበቃል። የሚያገለግለው ለዚሁ የተዘጋጀ ጠንካራ ሰም ነው። ለጠፍጣፋ መስቀል አንዱን ፊት ጠርቦ ሰሙን መገልበጥ ይበቃል፤ ለቀለበት ግን ሰሙን የሚያዞር ተጨማሪ ክፍል ያስፈልጋል።

ትልቁ ጥቅም ሰሙ ቢጠፋም ንድፉ መቅረቱ ነው። ያልተሳካ ጌጥ በማግስቱ እንደገና ይጠረባል። ብር ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ሞዴሉን በጥቂቱ ማሳደግም በኮምፒውተር ቀላል ነው። ከመቅለጡ በፊት ሰሙን መመዘን ያዋጣል፦ የአንድ ግራም ሰም ቦታ ወደ 10 ግራም ብር ይወስዳል። ስለዚህ የአንድ ጠገራ ብር ክብደት ላለው ጌጥ 3 ግራም እንኳ የማይሞላ ሰም ይበቃል።

ማሽኑ የማይደርስበትም አለ። መቁረጫው ክብ በመሆኑ ሹል የውስጥ ጥግ አያወጣም፤ 0.5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው መቁረጫ ጥጉን 0.25 ሚሊሜትር ያህል ያከብበዋል። የሐበሻ መስቀል ሐረግ ደግሞ በእንዲህ ያሉ ጥጎች የተሞላ ነው። እነሱን የሚያጠራው አሁንም የአንጥረኛው እጅ ነው፤ በሰሙ ላይ በቢላ፣ ከወጣ በኋላ በመሮና በሞረድ።