ከጋለሪው በፊት የነበረ ዳኛ

ግራፊቲ መቼ ጥበብ ሆነ ተብሎ ሲጠየቅ፣ የተለመደው መልስ ዘመኑን ከጋለሪ በር ይቆጥራል፤ ገዢ መጣ፣ ሸራ ተሰቀለ፣ የግድግዳው ጭረት ጥበብ ተባለ። የኒውዮርክ ታሪክ ግን በዚህ ቅደም ተከተል አይነበብም። የምድር ውስጥ ባቡሮቿን የቀቡት ወጣቶች ገበያው ሳይደርስላቸው መመዘኛ፣ መምህርና ተማሪ፣ የክብርና የነውር ስም ያበጁ ባለሙያዎች ነበሩ። የእጅ ሥራ ጥበብ የሚሆነው ጥሩውን ከመጥፎው የሚለይ ዳኛ ከራሱ ውስጥ ሲያወጣ ነው፤ የግራፊቲ ዳኛ ደግሞ ከጋለሪው በፊት ባቡር ጣቢያ ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በስም ነው። በ1960ዎቹ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ኮርንብሬድ የተባለ ወጣት ቅጽል ስሙን በፊላደልፊያ ግድግዳዎች ላይ ይጽፍ ነበር። በኒውዮርክም ከግሪክ ቤተሰብ የተወለደ አንድ መልእክት አድራሽ፣ ጁሊዮ 204 የሚለውን ጽሑፍ አይቶ፣ ቅጽል ስሙን ከሚኖርበት ጎዳና ቁጥር ጋር አጣምሮ፣ ሥራ በወሰደው ቦታ ሁሉ ታኪ 183 ብሎ ጻፈ። ኒውዮርክ ታይምስ በጁላይ 1971 ስለ እሱ ሲዘግብ ተከታዮቹ በረከቱ። ሁሉም ስሙን ሲጽፍ ግን ብዛት መለያ መሆኑ ቀረ፤ መለያው የአጻጻፍ መልክ ሆነ። ፌይዝ 2 የተባለው የብሮንክስ ወጣት በ1972 እንደ ፊኛ የተነፉ ፊደላት ይዞ መጣ። ሌሎቹ ፊደሉን አጣመሙት፣ ቆላለፉት፣ ቀስት ሰኩበት፤ በመጨረሻም ከሙያው ውጭ ላለ ሰው የማይነበብ ሆነ። ቁም ጽሕፈት የሚያውቅ አንባቢ ይህ አይደንቀውም፤ ፊደል ከመነበቡም በላይ በጸሐፊው እጅ ይመዘናልና። ወጣቶቹ ራሳቸውን የሚጠሩትም «ጸሐፊ» ብለው ነበር፤ ግራፊቲ የሚለውን ቃል ፌይዝ 2 ፈጽሞ አልወደደውም።

ዳኝነቱ የሚሰጥበት ቦታም ነበረው። ብሮንክስ ውስጥ፣ 149ኛው ጎዳና ከግራንድ ኮንኮርስ በሚገናኝበት ጣቢያ፣ ጸሐፊዎች አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተሰብስበው በሚያልፉት ባቡሮች ላይ ያለውን ሥራ ይተቹ ነበር። የተዋጣለት «ንጉሥ»፣ ጥሬው ጀማሪ «መጫወቻ» ይባላል፤ የሌላውን ስልት የሰረቀ ደግሞ «ነካሽ» ተብሎ ይዋረዳል። ንድፍ በደብተር ይጠናል፤ ደብተሩም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ፖርቶ ሪኮ ተወልዶ ማንሃተን ያደገው ሊ ኪኞኔስ በ1970ዎቹ አጋማሽ ከባልደረቦቹ ጋር አሥር ፉርጎ ያለው ባቡር ከጫፍ እስከ ጫፍ የቀባው በዚህ ወንበር ፊት ለመቆም እንጂ ለመሸጥ አልነበረም። ኢኳዶር ተወልዳ ኩዊንስ ያደገችው ሌዲ ፒንክ በ1979 የጀመረችው ፖሊስ ይዞት ወደ ፖርቶ ሪኮ የተላከ ወዳጇን ስም በመጻፍ ነው። ሴት አትችልም የሚለውን ጥርጣሬ የረታችው ሌሊት ባቡሮች ማደሪያ ገብታ በሠራችው ሥራ ነበር።

ይህ ሁሉ ጥፋትን ማስዋብ ነው የሚል ይኖራል፤ ክርክሩም ቀላል አይደለም። ባቡሩ የሕዝብ ነው፤ ስሙ የተጋረጠበት መስኮትና ካርታ ደግሞ የተሳፋሪው ነበር። ከተማዋ ከ1972 ጀምሮ ሕግ አወጣች፣ ፉርጎ በኬሚካል አጠበች፣ ማደሪያዎቹን አጠረች፤ በሜይ 12 ቀን 1989 የመጨረሻው የተቀባ ባቡር ከሥራ መውጣቱ ተነገረ። ነገር ግን ሥራው ወንጀል ነው ወይ የሚለውና ሥራው ጥበብ ነው ወይ የሚለው ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። የመጀመሪያው የሚመለሰው የባቡሩን ባለቤት በመጠየቅ ነው፤ ሁለተኛው ግን ፊደሉን በመመልከት። ባለቤት አለመፍቀዱ መጥፎ እጅን ጥሩ፣ ጥሩ እጅንም መጥፎ አያደርግም።

ሌላው ተቃውሞ ጥበብ ያደረገው ገበያው ነው ይላል፤ ምስክሩም በ2017 አንድ ሥዕሉ 110.5 ሚሊዮን ዶላር የተሸጠለት ዣን ሚሼል ባስኪያ ነው። ባስኪያ ግን ከአል ዲያዝ ጋር «ሴሞ» በሚል ስም በማንሃተን ግድግዳዎች ላይ ዓረፍተ ነገር ይጽፍ የነበረ ወጣት ነው፤ የባቡሩ ፊደል ሙያ በሌሎች እጅ አድጓል። ኪኞኔስ ሮም ውስጥ ሥራውን ባሳየበት በ1979 ሙያው በራሱ ሕግ ሲተዳደር ዓመታት ሆኖታል። በ1980ዎቹ አጋማሽ የጋለሪዎች ፍላጎት ሲቀዘቅዝም ጸሐፊዎቹ መጻፍ አላቆሙም። ገበያው ወልዶት ቢሆን ኖሮ አብሮት በሞተ ነበር።

ሕጉ ራሱ ዘግይቶ ወደዚህ ደረሰ። በኩዊንስ ፋይቭ ፖይንትዝ የተባለውን የፋብሪካ ሕንፃ ጸሐፊዎች በባለቤቱ ፈቃድ ይቀቡት ነበር፤ ባለቤቱ በኖቬምበር 2013 ሌሊት በነጭ ቀለም አለበሰው። በ2018 አንድ የፌዴራል ዳኛ ለ21 ሠዓሊዎች፣ ለ45 ሥራዎች፣ 6.75 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ፈረደ፤ ይግባኝ ሰሚውም በ2020 አጸናው። ካሳው የተፈረደበት ሕግ ሥራው የታወቀ ደረጃ ያለው መሆኑን ይጠይቃል። ዳኛው ከባለሙያዎች ምስክርነት ጋር ከመዘናቸው ማስረጃዎች አንዱ የሕንፃው አስተባባሪ፣ ራሱም ጸሐፊ የሆነው ጆናታን ኮኸን፣ ለየትኛው ሥራ የትኛውን ግድግዳ እንደሰጠ ነበር። ፍርድ ቤቱ አዲስ ሚዛን አላመጣም፤ የአግዳሚ ወንበሩን ሚዛን ተቀበለ።