የፊት ቀኙ ጎማ ጋለ

እንግዲህ አድምጡኝ። ከጅቡቲ ወደብ 400 ኩንታል ማዳበሪያ ጭኖ ወደ ጎጃም የሚጓዝ አንድ ባለተሳቢ ከባድ መኪና ነበር። ጋላፊን አለፈ፤ ሚሌን፣ አዋሽን አለፈ። መተሐራን ለቆ ወደ አዳማ ሽቅብ ሲወጣ ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አወጣና «ጋሼ፣ የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ» አለ።

ሹፌሩ ዳር ይዞ ቆመ። ወርዶ መዳፉን ወደየጎማው አስጠጋ፤ ሳይነካ፣ ሙቀቱን ብቻ ሊለካ። የፊት ግራው ለብ ብሏል። የፊት ቀኙ ግን ገና ከሩቁ ይጋረፋል። እዚህ ላይ የሹፌሩን ድንጋጤ ልብ በሉልኝ። ቁልቁለት ቢሆን «ፍሬን አብዝቼ ነው» ብሎ ባለፈው ነበር። ዳገት ላይ ማን ፍሬን ይረግጣል? እግሩ ከፔዳሉ ከተነሳ ስንት ጊዜው! ያ ጎማ ማንም ሳያዘው ፍሬን ይዟል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ነገር ዝም ከተባለ የኩሽኔታውን ግራሶ ያቀልጣል፤ ሲብስም ጎማው በእሳት ይያያዛል።

እየቆመ፣ እያቀዘቀዘ፣ በዝግታ አዳማ ገባ። እዚያም በከባድ መኪና ፍሬን ላይ ዕድሜያቸውን የፈጁ አንድ መካኒክ ዘንድ ሄደ። ሽማግሌው ያደጉት በታምቡርና በሸራ ነው። ዲስክ ፍሬንን እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ላንቸስተር እ.ኤ.አ. በ1902 በስሙ ቢያስመዘግበውም ከባድ መኪና ላይ እስኪለመድ ብዙ ቆይቷል፤ መርሴዲስ አክትሮስን በሁሉም ጎማዎቹ ላይ ዲስክ አድርጎ ያወጣው በ1996 ነው። ስለዚህ ሽማግሌው ዲስኩን በሁለት ፓዶች መሃል የሚጨብጠውን ካሊፐር መፍታትን የተማሩት ጸጉራቸው ሸብቶ ነው። ትንንሾቹን ዕቃዎች በንቀት የማያዩትም ለዚህ ይመስለኛል።

«ደልዳላው ላይ አቁም፤ ታኮ አድርግ፤ የእጅ ፍሬኑን ልቀቅ» አሉ። ጎማው ተፈታ። ዲስኩ እስኪበርድ ጠበቁና ካሊፐሩን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ውጭና ወደ ውስጥ ገፉት። ንቅንቅ የለም።

«አየህ፣ ይሄ በእጅ ሲገፋ መሄድ ነበረበት። ብዙ አይደለም፤ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ግን መሄድ አለበት።»

ለምን? ይህን ሳልነግራችሁ ወደፊት ብሄድ ታሪኩ አይገባችሁም። ፔዳሉ እስከ ታች ሲረገጥ 8 ባር ገደማ የታመቀ አየር የፍሬኑን ቻምበር ይሞላል። ቻምበሩ ከ1 ቶን በላይ ይገፋል፤ በካሊፐሩ ሆድ ውስጥ ያለው ማንሻ ያንን አሥር እጥፍና ከዚያ በላይ አባዝቶ ፓዱን ከዲስኩ ጋር ያጣብቀዋል። ይህ ሁሉ ጉልበት የሚመጣው ግን ከአንድ ወገን፣ ከውስጥ በኩል ብቻ ነው። የውጭኛውን ፓድ የሚያመጣው ካሊፐሩ ራሱ ነው፤ በሁለት ፒኖች ላይ ተንሸራቶ ፓዱን እየሳበ ከዲስኩ ጋር ያገናኘዋል። እግር ሲነሳም በእነዚያው ፒኖች ላይ ላላ ብሎ ዲስኩን ይለቃል። ፒኑ ዝጎ ከነከሰ ካሊፐሩ በያዘበት ይቀራል፤ መኪናው ፍሬኑን እንደያዘ ይጓዛል።

ፓዶቹ ወጡ። የአዲስ ፓድ ሸራ ውፍረቱ 20 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ 2 ሚሊ ሜትር ሲቀረው መጣል አለበት። የውጭኛው ገና ከግማሽ በላይ አለው። የውስጠኛው 2 ሚሊ ሜትሩ ላይ ደርሷል። አንድ ካሊፐር ውስጥ ያሉ ሁለት ፓዶች እንዲህ ሲለያዩ ሌላ ምስክር አያስፈልግም። ዲስኩ ተለካ፤ አዲስ ሳለ 45 ሚሊ ሜትር፣ የሚጣለው 37 ላይ ሲደርስ፣ አሁን 41። ዲስኩ ተረፈ።

ከዚያ ሽማግሌው ባትሪ አብርተው ፒኑን የሚሸፍነውን ጎሚኒ በጣታቸው ገለጥ አደረጉ። ተቀዷል፤ ቀዳዳው ጥፍር አያስገባም። የጅቡቲ የባሕር ጨው፣ የአፋር አቧራ፣ እጥበት ቤት በግፊት የሚረጨው ውሃ፣ ሁሉም በዚያች ቀዳዳ ገብተው ፒኑን በዝገት አስረውታል። ያን ሁሉ ቶን ጉልበት ያሰናከለችው ይህች ጎሚኒ ናት።

«ጋሼ፣ ክረምት እየገባ ነው፤ ገበሬው ማዳበሪያ እየጠበቀ ነው» አለ ሹፌሩ። «ፓዱን ቀይሩልኝና ልሂድ።»

«ፓዱንማ እቀይርልሃለሁ። አዲሱንም ይኸው ፒን ይበላዋል። የፊትህን መንገድ ታውቀዋለህ፤ ከጎሃ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ትወርዳለህ። አንዱ ጎማ እየነደደ፣ የቀሩት የእሱን ድርሻ እየተሸከሙ፣ መሪው ወደ አንድ ወገን እየጎተተህ፣ በ400 ኩንታል!»

ሹፌሩ መልስ አልነበረውም። ሽማግሌው ልክ ናቸው፤ እኔም አንጀቴ የሚያርረው በዚህ ነው። አዲስ ፓድ ገዝቶ የተቀደደውን ጎሚኒ መልሶ የሚገጥም ሰው ገንዘቡንም ነፍሱንም ገደል አፋፍ ላይ ያስቀምጣል። በዚያ መንገድ ላይ ደግሞ ከፊቱ ሌሎች ሰዎች አሉ።

ሽማግሌው ከካሊፐሩ ታርጋ ላይ ቁጥሩን በወረቀት ገለበጡና ረዳቱን መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ላኩት። «ልጄ፣ 'ይመስላል' ካሉህ አትግዛ፤ ቁጥሩ ይግጠም። ኪቱን ሙሉ አምጣ፤ ፒን፣ ቡሺንግ፣ ጎሚኒ፣ ክዳን፣ ብሎን። የግራውንም ጨምር።» የግራው አልታመመም፤ ነገር ግን የአንድ አክስል ሁለት ፍሬኖች እኩል ካልያዙ መኪናው ይጎተታል።

ረዳቱ ማታ ተመለሰ፤ ሥራው በጠዋት ተጀመረ። ሥራ ከሚያስተምሯቸው ልጆች አንዱ አቧራውን በኮምፕሬሰር ሊነፋ ሲል ሽማግሌው እጁን ያዙት፤ የፍሬን ብናኝ ሳንባ ይገባል፣ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። የነከሰው ፒን በመከራ ወጣ። ቀዳዳው እስኪያብረቀርቅ ጸዳ፤ አዲሱ ቡሺንግ ተጨመቀ፤ ረጅሙና አጭሩ ፒን በየቦታቸው ገቡ። ግራሶው ከኪቱ ጋር የመጣው ብቻ ነው፤ የተገኘው ግራሶ ሁሉ ለጎሚኒ አይሆንም፤ አንዳንዱ አሳብጦ ያበላሸዋል። ብሎኖቹም አዲሶቹ ናቸው፤ ጉልበት በሚለካ ቁልፍ እስከ ልካቸው ጠበቁ። ሽማግሌው የማይነኩት አንድ ቦታ አለ፤ የካሊፐሩን ሆድ የገጠሙት ብሎኖች። እነሱ ከፋብሪካ እንደመጡ ይቀራሉ።

ፓዱን የሚገፉት ፒስተኖች የራሳቸው ጎሚኒ አላቸው። ያ ተቀዶ ዝገቱ ወደ ጥርሳቸው ከገባ ኪት አያድንም፤ ሙሉ ካሊፐር ይቀየራል። የዚህኛው ደህና ነበር።

ጭንቅ የመጣው በደህናው ጎማ፣ በግራው ላይ ነው። አዲስ ፓድ እንዲገባ ፒስተኖቹን ወደኋላ መመለስ ያስፈልጋል፤ ይህም የሚደረገው ክዳን ስር ያለችውን ማስተካከያ ወደ ግራ በማዞር ነው። ማስተካከያዋ ጫፍ ላይ ሆን ተብላ ደካማ የተደረገች አንዲት አስማሚ አለች፤ ከ25 ኒውተን ሜትር በላይ ስትታገል ራሷ ተሰብራ የውስጡን ጥርስ ታድናለች። ተማሪው ቁልፉ ላይ ቧንቧ ሊቀጥል ሲል ሽማግሌው «በእጅህ ብቻ!» አሉት። በእጁም ሲያዞር ቀጭ አለች። ተሰበረች።

ሹፌሩ ራሱን ያዘ። ሽማግሌው ግን አዲስ አስማሚ አውጥተው ገጠሙ። «አንድ ዕድል አለን። ይህችም ከተሰበረች ካሊፐሩ አይሆንም፤ ሌላ ትገዛለህ።» ቁልፉን ራሳቸው ያዙ። ቀስ... አልዞር አለ። ጠበቁ፤ ደግመው ሞከሩ። ጠቅ አለ። ጠቅ፣ ጠቅ እያለ ዞረ።

ፓዶቹ ገቡ፤ ማስተካከያው ሦስት ጠቅታ ወደኋላ ተመለሰ። ሹፌሩ ጋቢና ወጥቶ ፔዳሉን ረገጥ ለቀቅ፣ ረገጥ ለቀቅ አደረገ። በእያንዳንዱ ርግጫ ማስተካከያው ላይ የተተወው ቁልፍ በራሱ ጥቂት ጥቂት ወደ ቀኝ ሄደ። ካሊፐሩ የፓዱን ክፍተት ራሱ እያስተካከለ ነው። በሁለቱም ወገን እንዲሁ ሆነ፤ ክዳኖቹ ተዘጉ።

መኪናው ፍቼን አልፎ ጎሃ ጽዮን ደረሰ። ሹፌሩ አፋፉ ላይ ሳለ ከባድ ማርሽ አስገባ፤ የሞተር ፍሬኑን ለቁልቁለቱ፣ የእግሩን ለየመታጠፊያው አደረገ። መሪው ወደየትም አልጎተተም። ድልድዩን ተሻገረ፤ ወደ ደጀን ወጣ፤ ማዳበሪያውን ደብረ ማርቆስ አራገፈ።

እጥበት ቤት ሲገቡ አጣቢው ልጅ የውሃውን ግፊት ቀጥታ ወደ ፊት ጎማው ጉያ አነጣጠረ። ረዳቱ ሮጦ ቱቦውን ያዘበት። «ወንድሜ፣ እዚህ ጋ ራቅ አድርገህ፣ ጎሚኒው ላይ ግፊት አታሳርፍ።»

«ጎሚኒው የቱ ነው?» አለ ልጁ።

ረዳቱ ጎንበስ ብሎ አንድ በአንድ አሳየው።