«ሰባ ሰባት» የተባለው ቀለም

ኢንስታግራም እ.ኤ.አ. በ2010 ብቅ ሲል ቀደም ብለው ከታወቁለት ፊልተሮች አንዱ «1977» ይባል ነበር። ፎቶውን ወደ ሮዝ ያደላ፣ የደበዘዘ፣ ከአሮጌ አልበም የወጣ ያስመስለዋል። ይህንን ቁጥር እንጅባራ ላይ የሚያይ ሰው ግን «ሰባ ሰባት» ብሎ ነው የሚያነበው፤ ሰባ ሰባት በእኛ አቆጣጠር የድርቁ ዓመት ነው። በፈረንጆቹ ልቁጠር ቢል ደግሞ ቀይ ሽብር ላይ ይወድቃል። በየትኛውም ቢሄድ ሮዝ ትዝታ አያገኝም። ነገሩ ቀልድ ይመስላል፤ ሆኖም የአሮጌ ፊልም ፊልተር የሚሠራውን ሥራ በደንብ ያሳያል፦ የሌላ አገርን ድሮ አምጥቶ በእኛ ፎቶ ላይ ይለጥፋል።

እንጅባራና ዳንግላ ያሉበት አዊ የራሱ የፎቶ ድሮ አለው። ዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስላ መቀመጫ በነበረችበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 በቆንስልነት የሠራው ሜጀር ሮበርት ቺዝማን የጣናንና የዓባይን አካባቢ እየዞረ አጥንቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1936 ያሳተመው መጽሐፍም ፎቶዎች አሉበት። ጥቁርና ነጭ ናቸው። የዚያ ዓይነት ምስል የሚቆመው በብር ቅንጣት ነው፤ በደንብ ከታጠበ ብዙ አሥርት ዓመታት ይቆያል፣ ብርቱካናማም አይሆንም። ፊልተሮቹ የሚኮርጁት ከዚያ በኋላ የመጣውን የቀለም ፎቶ ሕመም ነው። በ1970ዎቹ የፈረንጆች ዘመን የታተመ የቀለም ፎቶ፣ አልበም ውስጥ ተዘግቶ እንኳ፣ ሰማያዊ አረንጓዴው ማቅለሚያ ቀድሞ ስለሚከዳው ወደ ቀይ ያዘነብላል። ስለዚህ የዛሬን የዳንግላ ገበያ በዚያ ቀለም መንከር የድሮዋን ዳንግላ አያመጣትም። የሚያመጣው ሩቅ አገር የተበላሸ ወረቀትን ነው።

የእኛን ድሮ የሚለየው ከቀለሙ ይልቅ ሥርዓቱ ነበር። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ፣ ልጆቹም እስከ ኃይለ ሥላሴ ዘመን፣ በአዲስ አበባ ቤተ መንግሥቱን ሲያነሡ የቆዩበት ሙያ ቀስ በቀስ ወደ ተራው ሰው ፎቶ ቤት ወረደ። ተነሺው ልብሱን አስተካክሎ ይቆማል፣ ሌንሱን ፊት ለፊት ያያል፤ ፎቶው ሲደርስ ጀርባው ላይ «ለማስታወሻ» ተብሎ ይጻፍና ለወዳጅ ይሰጣል፣ ብዙ ጊዜም ቀኑ ይታከልበታል። ያ ጀርባ ለታሪክ ከፊቱ ባልተናነሰ ይጠቅማል። ስልክ ላይ ያለ ፎቶ ግን ጀርባ የለውም።

እዚህ ላይ ጥሩ ተቃውሞ ይነሣል፦ የድሮ ፎቶ አንሺስ መቼ ያልተነካ ፎቶ ሰጠ? በኔጌቲቩ ላይ በእርሳስ የፊት ጠባሳ ይሸፍን ነበር፤ በጥቁርና ነጩ ላይም በብሩሽ ከንፈር ያቀላ፣ የቀሚስ ጥለት ይቀባ ነበር። እውነት ነው። ልዩነቱ ግን ቀላል አይደለም። ያ የፎቶ ማስዋብ (ሪታች) ሰውዬውን በዚያው ቀን አምሮ እንዲታይ የሚያደርግ ነው እንጂ ቀኑን አይሸሽግም። ሁጂ ካም የተባለው አፕ በአንጻሩ የዛሬ ፎቶ ጥግ ላይ «98» የሚል ዓመት ያትማል። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ይህን የሚያገኝ የእንጅባራ ልጅ የፈረንጁ ነው ወይስ የእኛ ዘጠና ስምንት ብሎ ሲጨነቅ፣ ሁለቱንም አለመሆኑን ማን ይነግረዋል?

ጨዋታ ነው፣ ማንም አይታለልም የሚሉም አሉ። ለሰልፊና ለሠርግ ይሁን። ጥር 23 እንጅባራ ላይ በአገው ፈረሰኞች በዓል ለሚነሣው ግን አይሆንም። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓድዋ የዘመቱትን ፈረሶችና ፈረሰኞች ለማሰብ በ1932 ዓ.ም. እንደተመሠረተ ይነገራል፤ ጣሊያን ገና ከዳንግላ ሳይወጣ ማለት ነው። የዚህ በዓል ማስረጃ ዝርዝሩ ላይ ነው፦ የግላሱ ጨርቅ ቀለም፣ የልጓሙና የኮርቻው ጌጥ፣ የዛቡ አያያዝ፣ ፈረሰኛው የለበሰው። ግላስ ከአሥር ዓመት ወደ አሥር ዓመት እንዴት እንደተለወጠ ለማወቅ ቀለሙ ያስፈልጋል፤ ፊልተሩ ደግሞ መጀመሪያ የሚበላው ቀለሙን ነው። ቀዩ ቡኒ፣ አረንጓዴው አመድማ ይሆናል። ውበቱን አልክድም፤ አቧራ ውስጥ የሚጋልብ ፈረስ በደበዘዘ ቀለም ያምራል። ያማረውና የሚመሰክረው አንድ ፋይል እንዲሆኑ ማስገደድ ነው ስህተቱ።

ስለዚህ ፊልተሩን ተጠቀሙ፤ ያልተነካውን ፎቶ ግን አትደምስሱ። በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ እንደ ፎቶ ከሄደ የተነሣበት ቀንና ሰዓት አብሮ አይሄድም። በፋይሉ ስምም ላይ «ጥር 23፣ እንጅባራ» ብላችሁ ዓመተ ምሕረቱን ጻፉበት፤ የፎቶው ጀርባ እሱ ነው።