ዘር ወይስ ታሪክ? ስለ ጆሃንስበርግ ልጆች የሳንባ ዕድገት አጭር ማስታወሻ

የሰው ሳንባ በእናት ማኅፀን ተሠርቶ የሚያልቅ አካል አይደለም። አየርና ደም የሚገናኙባቸው ጥቃቅን ከረጢቶች በአዋቂ ሰው ሳንባ ውስጥ በአማካይ 480 ሚሊዮን ያህል እንደሚደርሱ ሲገመት፣ አብዛኞቹ የሚፈጠሩት ከልደት በኋላ፣ በተለይም በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት ነው። ከዚያም ሳንባ ከቁመት ጋር እያደገ ሄዶ ከፍተኛ አቅሙን የሚያገኘው በሃያዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ ነው። በእነዚህ ዓመታት የጎደለው ኋላ በቀላሉ አይተካም። የአዋቂ ሰው ትንፋሽ የልጅነቱ መዝገብ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ መዝገብ በጆሃንስበርግ እንዴት እንደተጻፈ፣ ሲነበብም እንዴት እንደተዛባ ማመልከት ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጆሃንስበርግ በ1886 በዊትዋተርስራንድ ወርቅ በመገኘቱ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ስለ ሳንባ መመራመር የጀመረችውም በዚሁ በወርቅ ምክንያት ነው። የድንጋይ ብናኝ የማዕድን ሠራተኛውን ሳንባ እየጎዳ እንደሚገድል ሲታወቅ የካሣ ሕግ ወጣ፤ በ1912 የደቡብ አፍሪካ የሕክምና ምርምር ተቋም በከተማዪቱ ተመሠረተ፤ በነሐሴ 1930 ደግሞ ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በዚሁ በሽታ ላይ የጠራው ጉባኤ እዚያው ተካሄደ። ይሁንና ካሣውም ሆነ ጥንቃቄው ነጩን ሠራተኛ ያስቀደመ ነበር። ምርምሩ ያተኮረው ወርቅ በሚያወጣው ሳንባ ላይ ነበርና በማደግ ላይ ያለው የልጅ ሳንባ ከሒሳቡ ውጭ ቀረ።

የልጆቹን አየር የወሰነው የመኖሪያ ክፍፍሉ ነው። በ1904 ወረርሽኝ ሲነሣ ጥቁሮች ከከተማው መሐል ተነሥተው በክሊፕስፕሩት፣ ከከተማው የፍሳሽ ማስወገጃ አጠገብ እንዲሰፍሩ ተደረገ። በ1930ዎቹ ኦርላንዶ ተከተለች፤ በ1963 አካባቢው በጠቅላላው ሶዌቶ ተባለ። ከ1942 እስከ 1998 የሠራው የኦርላንዶ የኤሌክትሪክ ማመንጫ የቆመው በዚሁ ሰፈር ነው። የድንጋይ ከሰሉ እዚያ እየነደደ መብራቱ ወደ ጆሃንስበርግ ሲሄድ፣ የጎረቤቶቹ ቤት ግን በአብዛኛው እስከ 1980ዎቹ ድረስ ያለ ኤሌክትሪክ ቆየ። እናቶች ምግብ የሚያበስሉትና ቤት የሚያሞቁት በድንጋይ ከሰል ምድጃ ነበር። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው የብርድ ወራት ቀዝቃዛው አየር ከምድር ላይ ተኝቶ ሞቃቱ እንደ ክዳን ስለሚደፋበት ጭሱ መውጫ አያገኝም። በ1965 የወጣው የአየር ብክለት መከላከያ ሕግ ጭስ የተከለከለባቸውን ቀበሌዎች ለመከለል ቢያስችልም ጥቅሙ ለጥቁሮች ሰፈር አልደረሰም። በዚህ ላይ ከወርቅ ማዕድኑ የተከመረው የዝቃጭ ኮረብታ በነፋስ ጊዜ አቧራውን በሶዌቶና በሪቨርሊ ልጆች ላይ ይበትን ነበር።

የእነዚህ ልጆች ዕድገት በሰፊው መከታተል የተጀመረው አፓርታይድ ሲናጋ ነው። በ1990 በሰባት ሳምንታት ውስጥ በሶዌቶና በጆሃንስበርግ የተወለዱ 3,273 ሕፃናትን የመዘገበ የረጅም ጊዜ ጥናት ተጀመረ። በ2012 በምዕራብ ኬፕ፣ በፓርል አካባቢ የተጀመረ ሌላ ጥናት ደግሞ የስድስት ሳምንት ሕፃናትን ትንፋሽ ለክቶ፣ እናት በእርግዝናዋ ጊዜ ማጨሷ በሕፃኑ ሳንባ ላይ ምልክት እንደሚተው፣ የሳንባ ምችም ዕድገቱን እንደሚጎዳ አሳየ። በደቡብ ካሊፎርኒያ የተደረገው ጥናት በ2004 ብክለት በልጆች ሳንባ ዕድገት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ሲያረጋግጥ፣ በ2015 ደግሞ አየሩ በተሻለ ቁጥር ዕድገቱም እንደሚሻሻል አስረዳ። ይህ ሁለተኛው ግኝት ጉዳቱ ዕጣ ፈንታ ሳይሆን የሰው ሥራ ውጤት መሆኑን ይመሰክራል።

መዝገቡ የተዛባው እዚህ ላይ ነው። ጆን ሃቺንሰን በ1846 ያስተዋወቀው የትንፋሽ መለኪያ፣ እስፓይሮሜትር፣ ብዙም ሳይቆይ በዘረኞች እጅ ወደቀ። የጥቁሮች ልኬት ዝቅ ብሎ በተገኘ ጊዜ ተፈጥሯቸው ነው ተባለ። በኋላም በብዙ አገሮች ለጥቁር ሰው የሚጠበቀው መጠን ከ10 እስከ 15 በመቶ እንዲቀነስ ተደረገ። በጭስና በችጋር ያደገ ሰው ሳንባው ቢጎዳም በተቀነሰው ሚዛን ሲለካ «ጤነኛ» ይባላል፤ ካሣ የሚገባውም ካሣ ያጣል። ለንዲ ብራውን በ2014 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን ታሪክ ከአሜሪካ እስከ ደቡብ አፍሪካ ተከታትለውታል። የአሜሪካ የደረት ሐኪሞች ማኅበር በዘር ላይ የተመሠረተው ስሌት እንዲቀር ያሳሰበው ግን በ2023 ነው። በእርግጥ የሰውነት ቅርጽ፣ ለምሳሌ የደረትና የእግር ርዝመት ንጽጽር፣ የልዩነቱን ከፊል ሊያስረዳ ይችላል፤ ቀሪውን ሁሉ «ዘር» ብሎ መዝጋት ግን ምርምርን ማቋረጥ ነው። የእኛው አገር ምሳሌም አለ፤ የአዲአርቃይንና የደባርቅን ነዋሪዎች ያነጻጸረውና በ1969 የታተመው ጥናት በአንድ አካባቢ ሕዝብ መካከል እንኳ የከፍታ ልዩነት በደረት ስፋት ላይ እንደሚታይ አመልክቷል።

ከ1990ዎቹ ወዲህ በጆሃንስበርግ ጂፒ መንገድ የከተመው ኢትዮጵያዊም ልጆቹን የሚያሳድገው በዚያችው ከተማ አየር ነው። በአገር ቤትም ሕፃን ያዘለች እናት ምጣድ ሥር ስትቀመጥ፣ ጭሱ ሁለቱን አንድ ላይ ያገኛቸዋል። በመጋቢት 2022 የፕሪቶሪያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በሃይቬልድ ያለው የተበከለ አየር በ1996ቱ ሕገ መንግሥት የተረጋገጠውን ለጤና በማይጎዳ አካባቢ የመኖር መብት እንደሚጥስ ወስኗል። ፍርዱ ትልቅ እርምጃ ነው። የእኛ ምሁራን ድርሻም ከዚሁ ይነሣል፤ የልጆቻችን ትንፋሽ በተለካ ቁጥር ከቁጥሩ በስተጀርባ የትኛው ምድጃ፣ የትኛው ሰፈር፣ የትኛው ሕግ እንዳለ መጠየቅ። ሳይጠየቅ የቀረ ታሪክ ተፈጥሮ መስሎ ይኖራል።