እጅ ኳስ የማን ጨዋታ ነው?

ሰሞኑን ሜዳ ላይ እጅ ኳስ ሳስተምር አንዱ ተማሪዬ «ቲቸር፣ ሴቶቹ ቮሊቦል ይጫወቱ፣ ይሄ ጉልበት ይፈልጋል» አለኝ። ሴቶቹ ሳቁ። አንዷ ግን አልሳቀችም፤ ኳሱን ታቅፋ የምመልሰውን ትጠብቃለች። እዚያው የመለስኩትን ለእናንተም ልጻፈው።

እጅ ኳስ መጀመሪያ የሴቶች ነበር። እ.ኤ.አ. በ1917 በርሊን ውስጥ ማክስ ሃይዘር ደንብ ሲያወጣለት ለሴቶች ብሎ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ካርል ሼሌንዝ የሚባል የስፖርት መምህር ደንቡን ለወንዶች እንዲስማማ አሻሻለው።

ከዚያስ? ባለቤቶቹ ወደ ኋላ ቀሩ። በ1936 የበርሊን ኦሊምፒክ ላይ 11 ለ11 ሆነው በሣር ሜዳ የተጫወቱት ወንዶች ብቻ ናቸው። በ1972 ሙኒክ ላይ ዛሬ የምናውቀው 7 ለ7 የአዳራሽ ጨዋታ ገባ፤ አሁንም ወንዶች ብቻ። ሴቶች የተፈቀደላቸው በ1976 ሞንትሪያል ላይ ነው። ደንቡ ለእነሱ ከወጣ ከ59 ዓመት በኋላ ማለት ነው! ያንን ኦሊምፒክ ደግሞ አገራችንን ጨምሮ ብዙ የአፍሪካ አገሮች በአፓርታይድ ጉዳይ ተቃውመው ቀሩ።

«ጉልበት ይፈልጋል» ላለው ልጅ ደግሞ መልሱ አንጎላ ናት። የእኛው የጀልዱ ልጅ ፈይሳ ሌሊሳ በማራቶን ብር ባመጣበት በ2016ቱ ሪዮ፣ የአንጎላ ሴቶች በእጅ ኳስ ሩብ ፍጻሜ ደርሰዋል።

በአገራችንም የእጅ ኳስ ፕሪሚየር ሊግ አለ። የተጫወቱበትን ክለቦች ስም አስተውሉ፦ መከላከያ፣ ፌዴራል ማረሚያ፣ ኮልፌ ቀራኒዮ። ተቋም ወይም የከተማ አስተዳደር በጀት መድቦ ያቆማቸው ናቸው። ክለብ በሌለበት ግን ጨዋታው ከ12ኛ ክፍል ጋር ያልቃል። ስንቷ የአምቦ፣ የጉደር፣ የጌዶ፣ የባኮ ልጅ ጥሩ ክንድ ይዛ ቤቷ ገባች!

ሜዳው እኮ 40 በ20 ሜትር ነው። አንድ የእግር ኳስ ሜዳ ውስጥ ስድስቱ ይገባሉ። ቦታ ቸግሮን አይደለም።

ልጅቷ ምን አለች? ምንም። ኳሱን አንጥራ ሦስት እርምጃ ሄደችና ወረወረች። ያ «ጉልበት» ያለው ልጅ በረኛ ነበር፤ ዞሮ ኳሱን ከአጥር ሥር ሊያመጣ ሄደ 😀

በድሮ ጊዜ በአካባቢያችን እጅ ኳስ የተጫወታችሁ፣ በተለይ እህቶቻችን፣ ፎቶም ትዝታም ካላችሁ ኮመንት ላይ አስቀምጡልኝ። ለተማሪዎቼ አሳያቸዋለሁ።