ሳይረን የማይሰማበት ሜዳ

«ድንገተኛ» ሲባል ለእኛ ለከተማ ልጆች ቶሎ የሚመጣልን ሳይረን ነው። ቀይ መኪና፣ ረጅም መሰላል፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛ። ፎገራ ላይ ድንገተኛ እንዲህ አይጮህም። ርብና ጉማራ ከጉና ሞልተው ይወርዱና ሜዳው ላይ ይተኛሉ። ውሃው ሲጎድል ደግሞ ወባ ይከተላል። ለእንዲህ ያለ አገር ቀድሞ የሚደርስ ባለሙያ እንዴት ይሠለጥናል? ጥያቄው አዲስ ይመስላል እንጂ ከተነሣ 70 ዓመት አልፎታል።

መነሻው ከወረታ ወደ ሰሜን፣ እዚያው ጣና ዳር፣ ደንቢያ ነው። በ1946 ዓ.ም. ወባ ገብቶ 7 ሺህ ያህል ሰው እንደጨረሰ ይገመታል። አገሪቱ ያን ጊዜ አንድም የሐኪሞች ትምህርት ቤት አልነበራትም። የነበሩት ጥቂት ሐኪሞችም አብዛኞቹ የውጭ ሰዎች ናቸው። ሐኪም እስኪበዛ እንጠብቅ ቢባል ደንቢያ ባዶዋን ትቀር ነበር። ስለዚህ በ1947 ዓ.ም. መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካኖቹ ፖይንት ፎር ጋር ሆኖ የጎንደርን የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከፈተ።

የኮሌጁ ብልሃት እስከ ዛሬ ይገርመናል። ጤና መኮንኑ፣ የማኅበረሰብ ነርሷና ሳኒታሪያኑ አንድ ግቢ ተምረው፣ በቡድን ሆነው ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ይወጡ ነበር። አንዱ ሲያክም ሌላዋ እናቶቹን ታያለች፣ ሦስተኛው ጉድጓዱንና የተኛውን ውሃ ይመለከታል። ወባን በክኒን ብቻ እንደማይመልሱት ገብቷቸዋል ማለት ነው። (ዛሬ «የተቀናጀ ምላሽ» እየተባለ ሆቴል ውስጥ ወርክሾፕ የሚደረግበት ነገር ይኸው አይደል?)

ፈተናው ቶሎ መጣ። ከ1950 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ወባ ደጋማውን አገር ሳይቀር አጥለቀለቀው። 3 ሚሊዮን ሰው ታሞ 150 ሺህ ያህሉ እንደሞተ ተገምቷል። ኮሌጁ ገና ልጅ ነበር፣ ምሩቃኑም ጥቂት። በደርግ ጊዜ ደግሞ ጎንደር ሐኪም ማሠልጠን ሲጀምር የጤና መኮንኖች ትምህርት ተቋረጠ። ሐኪም ማስፈለጉ አያከራክርም፤ ግን ለምን አንዱን ዘግቶ ሌላውን? ትምህርቱ የተመለሰው ከደርግ ውድቀት በኋላ ነው።

በ1997 ዓ.ም. የፎገራ ጎረቤት ሊቦ ከምከም ውስጥ ሰው በትኩሳት ያልቅ ጀመር። መጀመሪያ ወባ ነው ተባለ። በሽታው ካላዛር ሆኖ ተገኘ፤ አዲስ ዘመን ላይም የሕክምና ማዕከል ተከፈተ። እስከዚያ ድረስ ስንቱ የወባ ክኒን እየዋጠ እንደሞተ አስቡት። ቀድሞ መድረስ ማለት መሮጥ ብቻ አይደለም፤ የደረሱበትን ነገር ማወቅም ነው።

በዓመቱ ክረምት፣ በ1998 ዓ.ም.፣ ጎርፍ ድሬዳዋ ላይ ከ250 በላይ ሰው ገደለ። ሁላችንም የምናስታውሰው እሱን ነው። በዚያው ነሐሴ ፎገራም በውሃ ተውጦ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቤታቸው ወጡ። እሳት አደጋ ቢጠራስ ከየት ይመጣል? ባሕር ዳር ከወረታ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ጣና ዳር ደግሞ የሰው የመጀመሪያ ጀልባው ያው የደንገል ታንኳው ነው።

ከዚያ ወዲህ ለየወረዳው አምቡላንስ ታድሏል። ጥሩ ነው፤ ግን ከኋላ ከበሽተኛው ጋር የሚቀመጠው ማን ነው? አዲስ አበባ ላይ ክብረት አበበ የተባለ የማደንዘዣ ባለሙያ በ2000 ዓ.ም. ቤቱን ሸጦ ጠብታ አምቡላንስን ሲያቋቁም፣ ከመኪናው ጋር ሠልጣኝም እንደሚያስፈልግ ገብቶት ማሠልጠኛ ጨመረበት። ወረታ ግን የባሕር ዳር፣ የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገዶች የሚገናኙባት ከተማ ናት፤ የመኪና አደጋው ጠብታን አይጠብቅም።

እስከዚያው ቀበሌው ውስጥ ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት። ፕሮግራሙ በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲጀመር ሥልጠናዋ አንድ ዓመት ነበር። ከተማረቻቸው 16 ጥቅሎች ውስጥ አንዱ የመጀመሪያ እርዳታ ነው።